የማይሳደብ ተጋጣሚ

ሰበታ ውስጥ በዳማ የሚያሸንፈኝ ሰው አንድ ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን ካሸነፈኝ ይልቅ ያሸነፍኩት ይበዛል። ይህን የምጽፈው ለጉራ አይደለም፤ በጅማ መንገድ ዳር ባለችው የራዲዮ መጠገኛ ሱቄ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሁሉ የሚመሰክረው ነገር ስለሆነ ነው። ትምህርት ቤት የቆየሁት ለጥቂት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት በራሴ ነው። ራዲዮ መጠገን ማንም አላሳየኝም፤ የተበላሸውን ፈትቼ፣ መልሼ ገጥሜ፣ አልሠራ ሲል እንደገና ፈትቼ ተማርኩ። እንግሊዝኛውን ያገኘሁት ከቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ከሚወጡት የአጠቃቀም መመሪያዎች ነው። ኦሮምኛውን ከደንበኞቼ አፍ ለቀምኩ፤ ዛሬ በስልክ ሲሰሙኝ የወሊሶ ሰው የምመስላቸው አሉ።

ያ አንድ ሰው ገበሬ ነበር። ቤቱ ከሱቄ ጀርባ፣ ከዳገቱ ሥር ነው። አባቱም አያቱም እዚያው ያረሱ ናቸው። ከመሬታቸው ግማሹ ድሮ ለፋብሪካ ተወስዶ በቀረችው ላይ ጤፍና ሽምብራ ይዘራል። ሥራ ሲቀልለት ወይም ዝናብ ሲያባርረው ወደ በረንዳዬ ይመጣል። በእኛ ዘንድ ከሰላምታ ይልቅ ስድብ ይቀድማል።

"አካም ጅርታ፣ ኢንጂነር! ዛሬስ ስንት ራዲዮ ገደልክ?"

"ገና አንተን ስጠብቅ ነው፣ ኦቦ። ና ቁጭ በል፣ ቶሎ ልቅበርህና ወደ ሥራዬ ልመለስ።"

"መጀመሪያ እጅህን ታጠብ። በዚያ ግራሶ እጅህ ቆርኪዬን እንዳታቆሽሽብኝ።"

የምንጫወተው በቆርኪ ነው፤ የእሱ የቢራ፣ የእኔ የለስላሳ። ከደቡብ መጥተው ፋብሪካ የሚሠሩ ጴንጤ ወጣቶች ከሥራ ሲወጡ ከኋላችን ቆመው ያዩናል። ቢራ በአፋቸው አይዞርም፤ ነገር ግን የቢራው ቆርኪ ሲያሸንፍ ሰፈሩን በጩኸት ያናውጡታል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሁልጊዜ የሚያጨበጭቡት ለእሱ ነበር።

በእኛ ሰፈር ዳማ አንድ የማይታለፍ ሕግ አለ። የሚበላ ካለ መብላት ግድ ነው። አላየሁትም ማለት አይሠራም፤ ሳይበላ ያለፈ ሰው ሊበላበት ይገባ የነበረው የራሱ ቆርኪ ይነሣበታል። ስለዚህ ከልጅነቱ ጀምሮ ዳማ የተጫወተ ሰው እጁ ራሱን ችሎ ይበላል። ሰውየው የሚያውቀው እጁ ከበላ በኋላ ነው።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ነገር መጣ። አዲስ አበባ ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሱሉልታ ትሰፋለች ተባለ። እኛ ሱቅ ያለን ሰዎች ነገሩን እንደ ወሬ ነበር የሰማነው። ጓደኛዬ ግን አንድ ጊዜ መሬት የተወሰደበት ሰው ስለሆነ ወሬ አልሆነለትም። ተማሪዎች ተነሡ። አስፋልቱ ላይ ጎማ ተቃጠለ፣ ድንጋይ ተደረደረ። አድማ በተጠራ ቁጥር ሱቅ ይዘጋል፣ ታክሲ ይቆማል፣ መንገዱ ባዶ ይሆናል። ያን ሁሉ ዘመን ከባድ መኪና ሲያንቀጠቅጠው የኖረ በረንዳዬ ጸጥ ሲል መጀመሪያ የደነገጥኩት በጸጥታው ነበር።

ጓደኛዬ ዩኒቨርሲቲ ያደረሰው አንድ ወንድ ልጅ አለው። ሕፃን ሳለ ከየመጠጥ ቤቱ ደጃፍ ቆርኪ እየለቀመ ለአባቱ የሚያመጣው እሱ ነበር። ግቢያቸው ሲበጠበጥ ተማሪዎቹ ተበታተኑ። የት እንዳለ አባቱ አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅሁም፤ በዚያን ጊዜ አለመጠየቅ አንድ የወዳጅነት ዓይነት ነበር። አንድ ቀን ልጁ ቤቱ ገባ ተባለ። በማግስቱ ጠዋት የታጠቁ ሰዎች በመኪና መጥተው ከአባቱ ጓሮ ወሰዱት። ሰፈሩ ማን እንደጠቆመበት ሲያማ ሰነበተ። አንዱ ሚሊሻውን፣ አንዱ ከመንገዱ ማዶ ያለችውን ባለሱቅ፣ ሌላው የራሱን ጎረቤት ይጠረጥራል። እኔም ተጠርጥሬ እንደሆነ አላውቅም። ብጠረጠርም አይደንቀኝም፤ ጊዜው እንደዚያ ነበር።

ጓደኛዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ መምጣት ተወ። ጠዋት ጠዋት ምሳ ዕቃ በፌስታል ይዞ ይወጣል። እስረኞቹ ቡራዩ ናቸው ሲሉት ቡራዩ፣ ሱሉልታ ናቸው ሲሉት ሱሉልታ፣ ከአንዱ ፖሊስ ጣቢያ ወደ ሌላው ሲዞር ይውላል። ማታ ሲመለስ ምግቡ እንደታሸገ ነው። በሱቄ በኩል ሲያልፍ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ብቻ ያልፋል።

አንድ ቀን ተከትዬው ቤቱ ገባሁ። የዳማውን ሰሌዳና ቆርኪውን ይዤ ነበር።

"ለትንሽ ጊዜ ቁጭ እንበልና ልሰድብህ" አልኩት።

ሰሌዳውን አላየውም፤ ያየው ቆርኪውን ነው። "ይኼን ወደዚያ ውሰድልኝ" አለኝ። "እያንዳንዱን በትንሽ እጁ ነው ያመጣልኝ። ከእንግዲህ ዳማ አልጫወትም።"

እኔ የማይጠገን ነገር የለም ብሎ የኖረ ሰው ነኝ። ብዙ ባለሙያ ሞቷል ብሎ የመለሰውን ራዲዮ አስዘፍኜዋለሁ። ጓደኛዬም እንደዚያ በኀዘን ተቀምጦ እንዲቀር ልተወው አልቻልኩም። ዳማ ልጁን የሚያስታውሰው ከሆነ፣ ምንም ትዝታ የሌለበት ሌላ ጨዋታ መኖር አለበት ብዬ አሰብኩ። ወደ በረንዳዬ ልመልሰው የምችለው በዚያ ብቻ ነበር።

ጨዋታው ሱቄ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። የእህቴ ልጅ ታክሲ መያዣው አጠገብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ ነበረው። ድንጋይ መወርወር ሲጀመር ዘጋውና ኮምፒውተሩን ከእኔ ዘንድ አስቀመጠ። ውስጡን ስፈትሽ አንድ የቼዝ ፕሮግራም አገኘሁ። ኢንተርኔት በተቋረጠበት በዚያ ሰሞን ፕሮግራሙ ኢንተርኔት አይፈልግም ነበር። ይህ ለእኔ ተብሎ የተቀመጠ ነው አልኩ። መጀመሪያ እኔ ልማረው፣ ከዚያ ለእሱ ላስተምረው።

ፕሮግራሙ ሲከፈት ደረጃህን ምረጥ ይላል። ከታች ጀማሪ፣ ከላይ ባለሙያ። እኔ በዕድሜዬ ጀማሪ ተብዬ አላውቅም፤ ባለሙያን ተጫንኩ። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ተሸነፍኩ። ደገምኩ። አሁንም ተሸነፍኩ። ማሽኑ ተበላሽቷል ብዬ ክዳኑን ከፍቼ አቧራውን ጠርጌ ገጠምኩትና ተጫወትኩ። አቧራው ከወጣለት በኋላ ይብስ ፈጠነብኝ። ደረጃውን አንድ ዝቅ አደረግሁ፤ ከዚያም ሌላ አንድ። እንዲህ እያልኩ ስወርድ ከርሜ ጀማሪ የሚለው ላይ ደረስኩ። እዚያም ተሸነፍኩ። ደግነቱ ማንም አላየኝም።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ይተወው ነበር። እኔ ግን ስሕተት የምወድ ሰው ነኝ፤ ሙያዬን ያገኘሁት ከስሕተት ነው። ፕሮግራሙ አንድ ጥሩ ነገር አለው። ጨዋታው ሲያልቅ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ በአንድ ይመልስልህና የተሳሳትክበትን በቀይ ያሳይሃል። ቀዩን ሁሉ ሳጠናው አብዛኛው አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘሁት። በልቻለሁ። ማሽኑ አንድ ወታደር ባዶ ቦታ ላይ ይተውልኛል፤ እጄ ይበላል፤ ንግሥቴ ትሄዳለች። ፈረስ ይተውልኛል፤ እበላለሁ፤ ንጉሤ ይታፈናል። ቼዝ ውስጥ መብላት ግድ አይደለም። ይህን ከመመሪያው አንብቤዋለሁ፤ ገብቶኛልም። እጄ ግን የዳማ እጅ ነው፤ መመሪያ አያነብም።

ስለዚህ እጄን ማስተማር ጀመርኩ። ማውሱን ትቼ ሁለቱንም እጄን ከጭኔ ሥር አስገብቼ እቀመጣለሁ። ማሽኑ አንድ ነገር በተወልኝ ቁጥር ድምፄን አውጥቼ "ለምን ተወው?" ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱን ሳላገኝ እጄን አላወጣም። የተሳሳቱትን እርምጃ መመለሻም አለው፤ መጀመሪያ ደጋግሜ ተጠቀምኩበት። በኋላ ግን በሰው ፊት እንደዚያ እንደማይደረግ አስቤ ተውኩት። ፈረስ ሁለቱን በአንድ ጊዜ እንዴት እንደሚያስጨንቅ፣ ንግሥትን ቶሎ ማውጣት እንደሚያስበላ፣ ንጉሥን ወደ ጥግ ወስዶ ከግንቡ ጀርባ መደበቅ እንደሚሻል፣ ሁሉንም ያለ አስተማሪ አወቅሁ።

ከባዱ ነገር ሌላ ነበር። ማሽኑ አይሳደብም። አሸንፎኝ አንድ ቃል አይናገርም፤ አሸንፌው አያኮርፍም። የሱቄ በር ከውስጥ ተቆልፏል፣ ከውጭ ማንም አያልፍም፣ አልፎ አልፎ ከወደ ዓለም ገና በኩል ተኩስ ይሰማል። እኔ ደግሞ ከማይናገር ነገር ጋር ተፋጥጫለሁ። መብራት ሲጠፋ የጀመርኩት ጨዋታ አብሮ ይጠፋል። በጨለመው መስታወት ላይ የሚታየው የራሴ ፊት ነው። መጀመሪያ ጊዜ ጀማሪውን ያሸነፍኩት ቀን ብድግ ብዬ "አየህ ኦቦ!" አልኩ። አጠገቤ የነበሩት የሰው ራዲዮዎች ብቻ ናቸው።

ከአንድ ደረጃ ወደ ሌላው ስወጣ ማሽኑ በእኔ ላይ ሲሠራ የነበረውን እኔም መሥራት ቻልኩ። እየተውኩ ማስበላት ተማርኩ። ከዚያ ለሰው የሚሆን መጫወቻ ሠራሁ። ቼዝ የሚሸጥ ሰው ሰበታ ውስጥ ስለሌለ ከሱቄ ዕቃ ነው የሠራሁት። ንጉሦቹ የድሮ ራዲዮ አምፖሎች፣ ንግሥቶቹ የድምፅ መጨመሪያ ቁልፎች፣ ግንቦቹ የባትሪ ድንጋዮች። ፈረሶቹን ከመዳብ ሽቦ ጠምዝዤ አንገት አወጣሁላቸው። ወታደሮቹን ከቆርኪ መሥራት ይቀል ነበር፤ ግን ስለ እሱ ብዬ ተውኩትና ከቴሌቪዥን ብሎን ሠራኋቸው። እንዲህ ያለ ቼዝ በአገሩ ውስጥ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ያን ሰሞን የጓደኛዬ ልጅ በሕይወት እንዳለ ከእስር የወጣ አንድ ተማሪ ለቤተሰቡ ነገራቸው፤ የት እንደሆነ ግን በትክክል አልታወቀም። ጓደኛዬ ትንሽ ቀለል ያለው ስለመሰለኝ በሰው ላክሁበት። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላውን እንደለበሰ መጣ። ከስቷል። ሰሌዳውን ሲያይ ቆመና አምፖሉን በሁለት ጣቱ አነሣው።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ንጉሥ ነው።"

"ይኼ? የተቃጠለ ንጉሥ የት አግኝተህ አነገሥክ?" አለ። "ይኼስ? በግ ነው?"

"ፈረስ ነው፤ ዓይንህን አስመርምር።"

"እንዲህ ያለ ፈረስ እኛ ቤት ቢወለድ በዚያው ቀን ነው የምንቀብረው።"

ከልቤ ሳቅሁ። ስድቡን ከሰማሁ ወራት አልፈው ነበር። ተቀመጠ። የእያንዳንዱን አካሄድ አሳየሁት። ፈጣን ነው፤ እኔ ካስተማርኩት ሰው ሁሉ እሱ ቶሎ ይገባዋል። "አንድ ነገር ልብ በል" አልኩት። "እዚህ መብላት ግድ አይደለም። ካልፈለግህ ትተወዋለህ፤ ማንም አይቀጣህም።"

"እሺ፣ ገብቶኛል" አለ።

ተጫወትን። መንገዱ ያን ቀን ክፍት ስለነበር ሚኒባሶች ሰው ጭነው ወደ አዲስ አበባ ያልፋሉ። ከፋብሪካ የወጡት ወጣቶችም መጥተው ቆሙ። ጓደኛዬ ቀስ እያለ ሞቀው፤ የበላኝን ብሎን በጣቱ እያሽከረከረ ይስቅብኝ ጀመር። እኔ ደግሞ የማውቀውን አመቻቸሁለት። ፈረሴን ባዶ ቦታ ላይ ተውኩለት። ተንኮል አልነበረም። ሰሌዳው ላይ ከነበሩት እርምጃዎች ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነበር፤ ጥሩ እርምጃ እያየሁ መጥፎ የምጫወት ሰው ደግሞ አይደለሁም። እጁ ሳይቆይ ሄዶ በላው። በንግሥቴ ንጉሡን አፈንኩት።

ወጣቶቹ ጮኹ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ አጨበጨቡ። ጓደኛዬ የሽቦውን ፈረስ በእጁ እንደያዘ ሰሌዳውን ሲያይ ቆየ።

"ይኼን አውቀህ ነው የተውክልኝ?"

"አዎ።"

"እንድበላው?"

"እንድትበላው።"

ወጣቶቹ ሌላ ዙር እየጠበቁ ነበር። ሌላ ዙር እንደማይኖር ሲገባቸው አንድ በአንድ ሄዱ። እሱ መናገር የጀመረው ሁላቸውም ከሄዱ በኋላ ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

"ማንም አልጠቆመበትም" አለኝ። "ሰፈሩን ሁሉ ያሳማሁት እኔ ነኝ። ቀበሌ ሽማግሌዎችን ሰብስበው ልጆቻችሁን ጥሩ፣ ምሕረት ተደርጓል፣ ስማቸውን አስመዝግበው ወደ ትምህርታቸው ይመለሳሉ አሉን። አክስቱ ዘንድ ነበር። ማንም አያገኘውም ነበር። ደወልኩለት። 'አባዬ፣ እርግጠኛ ነህ?' አለኝ። 'አዎ፣ ና' አልኩት።"

ለማንኛውም ነገር መልስ የማላጣ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን አፌ ላይ የመጣው ይኼ ብቻ ነበር፤ "ግድ አይደለም ብዬህ ነበር።" ስለ ጨዋታው ነበር የተናገርኩት።

"ብለኸኛል" አለ። ፈረሱን ሰሌዳው ላይ በቀስታ አስቀመጠና ነጠላውን አስተካክሎ ተነሣ። ላሞቹን ውኃ ማጠጣት እንዳለበት ነገረኝ። ዳገቱን ሲወርድ ጀርባውን አየሁት፤ አልዞረም።

በኋላ ያንን አቀማመጥ ኮምፒውተሩ ላይ ደርድሬ ከዚያ የተሻለ እርምጃ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አልነበረም። ባይኖር ደስ ይለኛል ብዬ ነበር የጠየቅሁት፤ ደስ አላለኝም።

ፕላኑ ቀርቷል የሚል ዜና ሰማን። ዜናው መጣ እንጂ ሰላሙ አልመጣም። መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ከወደ ፋብሪካዎቹ ጢስ ሲወጣ፣ ወጣቶቹም ሻንጣቸውን ተሸክመው ወደየአገራቸው ሲመለሱ ያ ዓመት አለፈ። በረንዳዬ ላይ የሚቆም ተመልካች አልቀረም። ጓደኛዬ ልጁ ተፈትቶ መጣለት። ሊጠይቁት የሄዱት እንደነገሩኝ ልጁ የመደቡ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፤ ሲጠሩት ይነሣል፤ ከዚያ በቀር ምንም አያደርግም። እኔም ልሄድ እያሰብኩ ሳለ ቤተሰቡ ከተፍኪ ከተማ ወዲያ ወደ ጓደኛዬ ሚስት ዘመዶች አገር መሄዱን ሰማሁ። የነገረችኝ ባለሱቋ ናት። እሱ ለስንብት አልመጣም።

መንገዱ ሲረጋጋ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ከተፍኪ አልፌ ከአስፋልቱ ወረድኩና ሜዳውን አቋርጬ እየጠየቅሁ ደረስኩ። ከሩቅ አይቶኝ ሊቀበለኝ ወጣ። "ቤት ለእንግዳ! ግባ፣ ግባ" አለ። በርጩማ አቀረቡልኝ፤ እርጎና ዳቦ መጣ። ልጁ ገብቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። አጎነበሰ። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣና አልተመለሰም። አባቱ በዓይኑ ተከተለው፤ ደጃፉ ባዶ ከሆነም በኋላ ዓይኑን ከዚያ አላነሣም።

ስለ ዝናቡ አወራን። ስለ ማዳበሪያ መወደድ አወራን። በመካከሉ ዝም ስንል እሱ ወዲያው ሌላ ወሬ ያነሣል፤ እንግዳ እንዳይሰለች እንደሚደረገው። መጨረሻ ላይ፣

"ቼዙስ እንዴት ሆነ?" አለኝ።

ነገርኩት። ከጀማሪነት ተነሥቼ ከላይኛው ቀጥሎ እስካለው ደረጃ ድረስ መውጣቴን፣ ማሽኑን ደጋግሜ ማሸነፌን፣ በእኔ ዕድሜ ይህን ያደረገ ሰው በአካባቢው እንደሌለ ነገርኩት። እውነት ነው፤ አንድም አልጨመርኩበትም። በጥሞና አዳመጠኝ።

"ጎበዝ ነህ" አለ። "ሁልጊዜም ጎበዝ ነበርክ። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥህ።"

የሚከተለውን ጠበቅሁ። ስለ እጄ ግራሶ፣ ስለገደልኳቸው ራዲዮዎች፣ አንድ ነገር እንዲጥልብኝ እርጎዬን በእጄ ይዤ ጠበቅሁ። ምንም አልተከተለም። "ይጠጡ እንጂ" አለችኝ ሚስቱ።

ለመሄድ ስነሣ ዱላውን አንሥቶ አብሮኝ ወጣ። ተው አልኩት፤ አልሰማኝም። ሜዳውን አቋርጠን አስፋልቱ ድረስ ጎን ለጎን ሄድን። ከወሊሶ የሚመጣ ሚኒባስ ሲያይ ዱላውን ከፍ አድርጎ አስቆመው። ገቢናው ላይ አንድ ወጣት ተቀምጧል። ጓደኛዬ ወደ ረዳቱ ቀረብ ብሎ ትከሻውን ያዘውና፣

"እንግዳዬ ናቸው" አለው፤ "አደራህን፣ ገቢና አስቀምጥልኝ።"

ወጣቱ ወደ ኋላ ሄደ። እኔም ገቢና ተቀመጥኩ።